የ214 መልእክቶች

ረዘም ያለ ነው፤ ዳታ እያለቀበት ያለ ሰው ይዝለለው፣ አልቀየምም።

ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ውጫሌ ሳለሁ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ሆኗል። «ቲቸር፣ ጉድ ሆኛለሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ።

የኔን ዲፕሎማ ታውቁታላችሁ። ሰርቨር የሚባለውን በእጄ ከነካሁት ይልቅ በጠመኔ የሳልኩት ይበልጣል። መብራት በሌለው ላብ ውስጥ ሌላ ምን ይደረጋል? ሰሌዳ ላይ ሣጥን እስላለሁ፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት እስባለሁ። ልጁም የደወለው ያቺን ቀስት ፈልጎ ይመስለኛል።

ነገሩ ቮይስሜይል ነው። ሠራተኛው ቢሮ በሌለበት የሚደወለው ስልክ ድምፁ ተቀድቶ በኢሜይል እንዲመጣ አለቃቸው ፈልጓል። እኛ አገር ቮይስሜይል የሚወድ ሰው አላየሁም። ሚስኮል እያለ ለማሽን «ሰላም፣ እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ማውራት ያሳፍራል። ለቢሮ ግን ይጠቅማል፤ የደንበኛ ስልክ ባክኖ አይቀርም።

አሠራሩ ያን ያህል አይከብድም። ደዋዩ 214 የሚባለውን የውስጥ ቁጥር ፈለገ እንበል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳው ሲጠፋ፣ የቢሮው ማዞሪያ፣ ፒቢኤክስ የሚሉት፣ ጥሪውን ወደ ሜይል ሰርቨሩ ይመራዋል። ሲመራውም «ይሄ ሰው የፈለገው 214ን ነው» ብሎ ነው። ሰርቨሩ መዝገቡን ያያል፣ 214 የማን እንደሆነ ይፈልጋል። ባለቤቱን ሲያገኝ የሱን ሰላምታ ያሰማል፣ የደዋዩን ድምፅ ይቀዳል፣ እንደ ፋይል ከኢሜይል ጋር አያይዞ የዚያ ሰው ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል። ማይክሮሶፍት ይሄን ኤክስቼንጅ ሰርቨሩ ውስጥ ያስገባው በ2007ቱ ስሪት ነው፤ በ2019ኙ ስሪት አውጥቶታል። እነሱ ቤት ያለው የ2016ቱ ስለሆነ አለው። በነጻው አስትሪስክ የሚሠራ ቢሮ ደግሞ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ ስም፣ ኢሜይል።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፣ ለሁሉም ይሠራል። የፋይናንሷ ሴትዮ ብቻ አንድም መልእክት አይደርሳትም። ራሴ ደውዬ ሞከርኩ፣ የለም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን፣ ፋየርዎሉን፣ ምኑን ሁሉ ሲፈትሽ ነው የከረመው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ከሷ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ማን ነበር?»

ዝም አለ። ኪቦርድ ሲነካካ ይሰማኛል። ከዚያ «ውይ!» አለ።

214 የተመዘገበው ሥራ በለቀቀው ሰውዬ ስም ነው። ሰውዬው ሄደ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ ሴትዮዋ መጣች። ለሷ ሣጥን ሲከፍት ሲስተሙ «ቁጥሩ ተይዟል» ቢለው፣ ልጁ ሌላ ቁጥር መዝግቦላት አልፏል። ሰው ግን አሁንም የሚደውለው 214 ላይ ነው። ሰርቨሩ ምንም አላጠፋም፤ ድምፁን ሁሉ ማንም ወደማይከፍተው ሣጥን በታማኝነት ሲያስገባ ነበር። 37 መልእክት! «ሁለት ወር ሙሉ ቲቸር!» ይላል እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። «እንዴት አወቅክ?» ሲለኝም «ከልምድ» ብዬ አለፍኩት።

ልምዱ እንዲህ ነው። ውጫሌ ሳስተምር 10ኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ወደ ሳዑዲ የሄደች ተማሪ ነበረችኝ። እኛ ደቡብ ወሎ ያለን አስተማሪዎች እንዲህ ያለውን ባዶ ወንበር እናውቀዋለን። እናቷ አምባሰል ደጋው ላይ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ስልካቸው ተች አይደለም፣ ኢሞ የለውም። ስለዚህ ልጅቷ ድምፅ የምትልከው በኔ ስልክ ነበር። በገበያ ቀን እናትየዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይመጣሉ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ። አንዱን መልእክት ሦስት አራት ጊዜ ይሰሙታል። መልስ ሲሰጡ ደግሞ ጅዳ ድረስ በራሳቸው ጉልበት የሚያደርሱት ይመስል ይጮኻሉ። «አንቺ! በልተሻል ወይ?» ልጅቷ መብላት አለመብላቷን ጥበቃው ሳይቀር ያውቅ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ መልእክትን በሌላ ሰው በኩል የመላክ ጣጣ ለውጫሌ አዲስ አይደለም። የ1881ዱ ውል አንቀጽ 17 ራሱ ስለዚሁ ነው። አፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ «ይችላሉ» ይላል አማርኛው፤ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። የታሪክ አስተማሪው ባልደረባዬ ስልክ ይዤ ቆሜ ሲያየኝ «አንተ ደግሞ የኢሞ ኢጣሊያ ሆንክ» ብሎ ስቆብኛል።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ተዛወርኩ። ቁጥሬ አብሮኝ መጣ፣ የልጅቷም ድምፅ አብሮኝ መጣ፤ እናትየዋ ግን እዚያው ናቸው። በወር አንዴ እንቁላል ሸጠው በሚኒባስ ይመጡ ነበር። ልጅቷን «ውጫሌ ያለ ሌላ ሰው ፈልጊ» ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። እውነቱን ላውራ? መፈለጌ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ፣ ስልክ ጠፋ። የዚያን ጊዜ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልመለስበትም። ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬ ተንጫጫ፤ ከልጅቷ 11 የድምፅ መልእክት። መጀመሪያዎቹ ላይ «እማ፣ በሕይወት አላችሁ ወይ?» ትላለች። የመጨረሻው ሲጀምር «ቲቸር፣ ይሄን አንተ አትስማው፣ የእማ ነው» ይላል። ሰማሁት። ወሬ የለበትም፤ ልጅ ሳለች እናቷ ያባብሏት የነበረውን እንጉርጉሮ ራሷ ለእናቷ ታንጎራጉራለች።

እናትየዋ አልመጡም። እሄዳለሁ አልኩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። በመሃል ስልኬ ከባጃጅ ላይ ወድቆ አልበራ አለ። ጠጋኙ ልጅ «ፎርማት ላደርገው ነው፣ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብሎ ጠይቆኛል። ስልክ ቁጥሮቼ ሲሙ ላይ ናቸው ብዬ «የለም» አልኩት። ቤት ገብቼ ቡና እየጠጣሁ ነው ትዝ ያለኝ። ሮጬ ተመለስኩ፣ አልቋል። እነዚያን ድምፆች ወደ ኢሜይሌ መላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ለናንተ ስለ ባክአፕ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ።

እናትየዋ የካቲት ላይ መጡ። «ድምጿ የለም?» አሉኝ። «ኔትወርኩ በላው እማማ፣ ደህና ነኝ ብላለች» አልኳቸው። አሁን የልጅ ልጃቸው ተች ስልክ ይዟል፣ ልጅቷ ለሱ ነው የምትልከው። እኔም እስከዛሬ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ማታ ልጁ «37ቱን ላጥፋቸው?» ሲለኝ ግን ጮኽኩበት። «እንዳታደርገው! መጀመሪያ ቁጥሩን ከሰውዬው ሣጥን ንቀልና ለሷ ስጣት፣ ደውለህ ሞክር። ከዚያ የድሮዎቹን በየቀናቸው ወደሷ አስተላልፍ። አንተ ግን አትስማቸው።» ሰኞ ሲደውል፣ ሴትዮዋ ጠዋቱን ሙሉ ኢርፎን ሰክታ እየሰማች እንደሆነ ነገረኝ።

እኔ እሁድን አላሳለፍኩትም። በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ፣ ከውጫሌ ወደ ላይ በእግር ወጣሁ። እናትየዋ ቡና አቅርበው ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎርማቱን፣ ውሸቴን፣ አትስማ የተባልኩትን መስማቴንም። ጀበናውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ታዲያ ምን ትል ነበር?» አሉኝ።

የማስታውሰውን ተናገርኩ። እንጉርጉሮውንም ሞከርኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ድምፅ እንኳ የለህም» አሉ። «እሱ እንዲህ አይደለም» ብለው እሳቸው ከመጀመሪያው ጀመሩት።