ከሰበታ የሚነሣው ሐዲድ

የቴክኖሎጂ ምሩቃን ዓለም አቀፍ ትስስር አዘውትሮ የሚለካው ባሕር ተሻግረው በተቀጠሩት ብዛት ቢሆንም፣ መለኪያው አገር ውስጥ የቀሩትን ይዘነጋል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በቻይና ደረጃዎች፣ ማለትም የኃይል አቅርቦቱንና የምልክት ሥርዓቱን በሚወስኑ ቴክኒካዊ ደንቦች የተገነባ በመሆኑ፣ በመስመሩ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ከሰበታ ሳይርቅ ከቻይና ባለሙያዎች ጋር አንድ የሙያ ቋንቋ ይጋራል። አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎችን ስለሚቀበል፣ ትስስሩ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይፈስሳል። ከአገር ሳይወጡ ከዓለም ጋር መገናኘት ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ሐዲድ ባይደርሳትም የሱሉልታ ከተማ በሳተላይት የመሬት ጣቢያዋ፣ ማለትም ከሳተላይት ጋር ምልክት በሚለዋወጡ ግዙፍ አንቴናዎቿ፣ ከኢንተርኔት መስፋፋት በፊት አገሪቱን ከዓለም ጋር ታገናኝ ነበር።