የአውሮፕላኑ ሜዳ

ጂንካን ዘግይቶ ያወቃት ሰው፣ አውሮፕላን የሚያርፈው ከመሃል ከተማዋ ነበር ሲሉት ቀልድ ይመስለዋል። ለእኛ ግን ሣር የለበሰው ያ ረጅም ሜዳ የዕለት መንገዳችን ነበር። ከተማዋም ዙሪያውን ከብባው ነው ያደገችው።

አውሮፕላን በሌለ ቀን ሜዳው የሁሉም ነበር። ላም ይግጥበት፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበት፣ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ ያጠናበት ነበር። የሞተር ድምፅ ከወደ ተራራው ሲሰማ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ይሮጥ፤ ከብቱ ይበተን፤ እኛም ኳሳችንን ታቅፈን ዳር እንይዝ ነበር። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ሣሩ ውሃ ይቋጥርና በረራው ይቀር ነበር። መንገደኛው እያማረረ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲመለስ እኛ ጨዋታችንን እንቀጥል ነበር።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የአሪ እናቶች ሸክላና ቅል ተሸክመው ይወርዳሉ። የሐመርና የበና ጎልማሶች፣ ትራስም መቀመጫም የምትሆነውን ትንሽ በርኩማ በእጃቸው አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ሙርሲዎችም ከማጎ ፓርክ ማዶ ይደርሳሉ። ገበያው ሲፈታ በርኩማዎቹ ሜዳው ዳር ጥላ ሥር ይደረደራሉ፤ ትኩሱ የቡና ሸፈሮ በቅል ይዞራል። ቋንቋ ባይገናኝም ሰላምታ ይገናኛል።

ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ አውሮፕላኑ የሚያርፈው በአዲሱ የባኮ ማረፊያ ነው። እሰየው ነው፤ ሣር ላይ ማረፍ ይመለስ የሚል የለም። እኔን የሚያሳስበኝ የመሃል ከተማው ሜዳ ነገር ነው። ሜዳ ፕላን ላይ ሲታይ ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ቶሎ ባለቤት ያገኛል።

ሕጉ አልጎደለንም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ይላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የሚዳሰሰውን ብቻ ሳይሆን የማይዳሰሰውንም ቅርስ ያውቃል። ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከል ሙዚየም በርኩማውንና ቅሉን ይጠብቅልናል። ሰው በርኩማውን ጣል አድርጎ ከማያውቀው ሰው ጎን የሚቀመጥበትን ቦታ ግን መስታወት ውስጥ ማኖር አይቻልም። እሱን ማኖር የሚችለው የከተማው ፕላን ነው።

ስለዚህ መሃል ጂንካ ላይ መስመር የሚያሰምር ባለሙያ አንድ ቅዳሜ እግረኛውን ተከትሎ ይሂድ። ሰው የሚያቋርጥበትን መንገድ አጥር አይዝጋው፤ የሚያርፍበት ዛፍ አይቆረጥ፤ ተራራውን የሚጋርድ ፎቅ ከፊቱ አይቁም። ከገጠር የመጣ ገበያተኛ ሳይገዛና ሳይከፍል የሚቀመጥበት ሰፊ ቦታም ይተውለት። ትዝታው ለእኛ ይበቃናል፤ ቦታው ግን ለልጆቻችንም ያስፈልጋል።