የኒክ ቦሌቲየሪ ዝና፦ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ስመ ጥር አሰልጣኝ እንጨዋወት። ቴኒስ የማትከታተሉም ብትሆኑ ቁጭ በሉ፤ ጉዳዩ ከሜዳው አጥር ያልፋል። የአንድ ሰው ስም በሌሎች ሰዎች ድል ሲገን፣ ከዚያ ዝና ውስጥ የራሱ የሆነው ስንቱ ነው? እኔን ሁልጊዜ የሚያከራክረኝ ይህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሰውየው ኒክ ቦሌቲየሪ ነው። በ1931 ኒውዮርክ አጠገብ ባለችው ፔልሃም ተወልዶ፣ በ2022 በ91 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ። ስሙ በተነሳ ቁጥር አንድ ዝርዝር አብሮ ይነሳል፦ አንድሬ አጋሲ፣ ጂም ኩሪየር፣ ቦሪስ ቤከር፣ ማርሴሎ ሪዮስ፣ ሞኒካ ሴሌሽ፣ ማርቲና ሂንጊስ፣ ቬነስና ሴሬና ዊሊያምስ፣ ማሪያ ሻራፖቫ፣ የሌና ያንኮቪች። “አስር የዓለም ቁጥር አንዶችን ያሰለጠነ” ይሉታል። ደጋፊዎቹ በዚህ ዝርዝር ይምሉበታል፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ “ለመሆኑ እሱ ራሱ መቼ ተጫውቶ ያውቃል?” ይላሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች የያዙት ሚዛን ትክክል አይደለም።

ከነቃፊዎቹ እንነሳ። እውነት ነው፣ ቦሌቲየሪ በትልቅ መድረክ የተጫወተ ሰው አልነበረም። በአላባማ ስፕሪንግ ሂል ኮሌጅ የተማረው ፍልስፍና ነው። ከዚያ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አየር ወለድ ሆኖ አገለገለ። በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ጀመረና ብዙም ሳይቆይ ትቶት ወጣ። ኪሱን ለመደጎም በሕዝብ ሜዳ ላይ ሬኬት አያያዝ ማስተማር የያዘው በዚያው ጊዜ ነው። በወረቀት ከሄድን ለዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች አሰልጣኝ የሚያደርገው ነገር የለም።

ግን ቴኒስ በዚህ ረገድ ወረቀት የሚጠይቅ ስፖርት ሆኖ አያውቅም። የዊሊያምስ እህቶች አባት ሪቻርድ ዊሊያምስ ጨዋታውን ራሱን በራሱ አስተምሮ ነው ልጆቹን ያሰለጠነው። የሴሌሽ አባት ካሮሊ የካርቱን ሠዓሊ ነበር፤ ልጁ ልምምዱን እንድትወደው በኳሶቹ ላይ ሥዕል ይሥልላት ነበር። እነዚህ ሰዎች ያፈሯቸው ልጆች የዓለምን ቴኒስ ለውጠውታል። ስለዚህ “ራሱ አልተጫወተም” የሚለው ክስ ቦሌቲየሪን አይነካውም። የአሰልጣኝ ሚዛኑ ሥራው ነው።

እንግዲያው ሥራውን እንመርምር። እዚህ ላይ ነው ደጋፊዎቹ የሚምሉበት ዝርዝር የሚሳሳው።

ቦሪስ ቤከር የዓለም ቁጥር አንድ የሆነው በ1991 ነው። ከቦሌቲየሪ ጋር የሠራው ከዚያ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ካነሳቸው ስድስት የግራንድ ስላም (የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች) ዋንጫዎች አምስቱን ይዞ ነው የመጣለት። ማርቲና ሂንጊስን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሠለጠነቻት እናቷ ሜላኒ ሞሊቶር ነች። ቬነስና ሴሬና የአባታቸው ሥራ ናቸው፤ ከአባታቸው ቀጥሎ ደግሞ ሪክ ማቺ በታዳጊነታቸው ለዓመታት ደክሞባቸዋል። ሴሌሽ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ቦሌቲየሪ የቴኒስ አካዳሚ የመጣችው ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ ቢሆንም ያን ጊዜም በታዳጊዎች ዘንድ ስሟ የገነነ ነበር። ከአካዳሚው ጋር በ1990 ተለያየች፤ ቁጥር አንድ የሆነችው በማግስቱ ዓመት፣ ከአባቷ ጋር ነው።

የጂም ኩሪየር ደግሞ ከሁሉም ይከነክነኛል። ኩሪየርና አጋሲ በዚሁ አካዳሚ ያደጉ ልጆች ናቸው። በ1989 በፈረንሳይ በሚካሄደው የሮላንድ ጋሮስ ውድድር በሦስተኛው ዙር ሲገናኙ ቦሌቲየሪ የተቀመጠው ከአጋሲ ወገን ነበር። ያሸነፈው ኩሪየር ሆነ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ለየ፤ በሆሴ ሂጌራስ እየተመራ በ1991 እዚያው ሜዳ ላይ በፍጻሜው አጋሲን ረትቶ ዋንጫውን አነሳ፣ በ1992 ቁጥር አንድ ሆነ። እንግዲህ ፊት የተነሳውን ልጅ ስም በአሰልጣኙ የድል መዝገብ ላይ መጻፍ ፍትሕ ነው ትላላችሁ? እኔ አይመስለኝም።

የአጋሲ ነገር ግን የተለየ ነው። አባቱ ማይክ በ1948ና በ1952 ኦሊምፒክ ለኢራን ቦክስ የተጋጠመ ሰው ነው። ላስቬጋስ በሚገኘው ቤቱ ግቢ ሜዳ ሠርቶ፣ ኳስ በሚተፋ ማሽን ፊት ልጁን አቁሞ፣ ኳሷን ገና ከመሬት ስትነሳ መምታትን ያስተማረው እሱ ነው። ልጁን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ወደ ፍሎሪዳ ሲልከው አቅሙ የፈቀደለት የሦስት ወር ክፍያ ብቻ ነበር። ቦሌቲየሪ የልጁን ጨዋታ ጥቂት እንዳየ ለአባትየው ደውሎ ቼኩን እንደማይፈልገው፣ ልጁ በነጻ እንደሚቆይ ነገረው። አጋሲ በ1992 ዊምብልደንን ሲያሸንፍ አጠገቡ የነበረው ቦሌቲየሪ ነው። በ1993 ግን ቦሌቲየሪ አጋሲን በደብዳቤ ተሰናበተው። ከዚያ ብራድ ጊልበርት መጣ፤ አጋሲ በጠቅላላው ካነሳቸው ስምንት ግራንድ ስላሞች ስድስቱ የተገኙት በጊልበርት ጊዜ ነው። ምቱ ከአባቱ፣ ዕድሉና የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ በቦሌቲየሪ ቤት፣ የጨዋታ ብልሃቱ ከጊልበርት መሆኑ ነው።

አበው “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ። ያን የአስር ሰዎች ዝርዝር ቦሌቲየሪ ብቻውን ሲሸከመው ያጎብጠዋል። ለእናቶች፣ ለአባቶችና ለሌሎቹ አሰልጣኞች ሲከፋፈል ግን ሁሉንም ያስከብራል፣ እሱንም ጭምር።

ታዲያ የእሱ ድርሻ ምንድን ነው? ዝናው ይገባዋል የምለው በዚህ ነው። በ1978 ፍሎሪዳ ውስጥ ብራደንተን ላይ የቴኒስ አካዳሚውን ሲከፍት፣ ከየአገሩ የመጡ ታዳጊዎች አብረው እየኖሩ፣ የቀኑን እኩሌታ ተምረው እኩሌታውን የሚጫወቱበት ቤት ማቋቋሙ ነበር። ከዚያ በፊት ጎበዝ ልጅ በሰፈሩ ክለብ ብቻውን ጎበዝ ሆኖ ያድጋል፤ የሚበልጠውን የሚያየው ለውድድር ሲጓዝ ነው። በብራደንተን ግን ቁርስ አብሮት የበላው ልጅ ከሰዓት በኋላ ያሸንፈዋል። ልጆቹን ከማንኛውም የአሰልጣኝ ምክር በላይ የሳላቸው ይህ የዕለት ተዕለት ፉክክር ነው። ኩሪየርን ለአጋሲ፣ አጋሲንም ለኩሪየር ያዘጋጀው ያ ቤት ነው። ስፖርት አስተዳዳሪው ድርጅት አይኤምጂ በ1987 አካዳሚውን ገዛው፤ ዛሬ ከቴኒስ አልፎ የብዙ ስፖርቶች ትምህርት ቤት ሆኗል። በሌሎች አገሮችም ተመሳሳዮቹ በዝተዋል።

ሁለተኛው ድርሻው ዐይኑ ነው። ጂሚ አርያስ የሚባል ታዳጊ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ አንዱ ነበር። መሐንዲስ የነበረው አባቱ፣ ልጁ ክንዱን ሳያግድ፣ ሬኬቱን በሙሉ ኃይል ለቅቆ እንዲመታ አስተምሮታል፤ የዘመኑ አሰልጣኞች ከሚያስተምሩት የተለየ ነበር። ቦሌቲየሪ ይህን ባየ ጊዜ ልጁን ለማረም አልሞከረም። ሌሎቹን ልጆች በሙሉ እንደ አርያስ ምቱ አላቸው። “የቦሌቲየሪ ፎርሃንድ” እየተባለ የገነነው ምት ከዚያ የመጣ መሆኑን ራሱም አልደበቀም። አርያስ በ1984 የዓለም አምስተኛ ለመሆን በቅቷል። ከአንድ ልጅ አባት የተሻለ ነገር ሲያይ ተቀብሎ ለመቶዎች ማዳረስ ትንሽ ችሎታ አይደለም። ብዙ ባለ ዲፕሎማ የሚያቅተው ይህ ነው።

ሦስተኛው፣ መክፈል ለማይችሉ በር መክፈቱ ነው። አጋሲን አይተናል። ሻራፖቫም ከአባቷ ጋር ከሩሲያ ስትመጣ የያዙት ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነበር፤ ኋላ በአካዳሚው በነጻ ተምራለች። ምቷን ያስተካከለላት ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ሮበርት ላንስዶርፕ ቢሆንም፣ በ2004 በአሥራ ሰባት ዓመቷ ዊምብልደንን ስታሸንፍ መነሻዋ ብራደንተን መሆኑ አይካድም።

የዚህን ቤት ዋጋም ሳንናገር አናልፍም። አጋሲ በ2009 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አካዳሚውን እንደ እስር ቤት ነው ያስታወሰው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከእናት አባቱ ተለይቶ፣ ማታ ማታ ፍርሃቱን ደብቆ መተኛት ቀላል አይደለም። ለእያንዳንዱ ሻራፖቫ ደግሞ ወላጆቻቸው ብዙ ሺህ ዶላር እየከፈሉ ስማቸው ሳይሰማ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ልጆች አሉ። የነጻ ዕድሉ ገንዘብ የተገኘው ከእነሱ ክፍያ ነው። ይህን ሳያነሱ የአስሩን ስም ብቻ መደርደር ለነዚያ ልጆች አለማሰብ ነው። አጋሲ ራሱ ግን ቅሬታውን ይዞ አልቀረም፤ ቦሌቲየሪ ሲሞት በምስጋና ነው የተሰናበተው።

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ሆል ኦፍ ፌም በ2014 ቦሌቲየሪን ሲቀበለው ለስፖርቱ ባበረከተው አስተዋጽኦ ነው። የእኔም ፍርድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። አስር ሻምፒዮኖችን ብቻውን እንደፈጠረ ተደርጎ የሚወራለት ዝና አይገባውም፤ ሻምፒዮን የሚወጣበትን ቤት ያቋቋመ ሰው ተብሎ ቢጠራ ግን የሚገባው ነው።

እናንተም ነገ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ ባለ ዝና አሰልጣኝ ዘንድ ስትሄዱ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሻምፒዮኖች ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ሲመጣ ምን ያህል ይችል እንደነበር፣ ከአሰልጣኙ ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ከማን እጅ እንደመጣ ጠይቁ። ፎቷቸው ስላልተሰቀለ ልጆችም ጠይቁ። መልሱን በቅንነት የሚነግራችሁ አሰልጣኝ ካገኛችሁ፣ ልጃችሁን ስጡት።