ከብቱ በእረኛው ቋንቋ፣ ሥጋው በጌታው ቋንቋ

እንግሊዝኛ ስንማር ላም «ካው» ናት፣ የከብት ሥጋ ግን «ቢፍ» ነው ተባልን፤ ሸምድደን አለፍን። በግ «ሺፕ»፣ ሥጋው «መተን»፤ አሳማ «ፒግ»፣ ሥጋው «ፖርክ»። ለአንድ እንስሳ ሁለት ስም ለምን እንዳስፈለገ ግን ማንም አልነገረን። ነገሩ የሚጀምረው ከጦር ሜዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም ከፈረንሳይ ምድር ባሕር ተሻግሮ መጣ። ሄስቲንግስ ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ ሃሮልድን ድል ነሥቶ ዘውድ ጫነ። ርስቱም ሹመቱም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆኑ ተከታዮቹ እጅ ገባ። ሕዝቡ ግን ቋንቋውን አልለቀቀም። ላሟን የሚያልበው፣ በጉን የሚጠብቀው ገበሬ እንስሳቱን በአባቶቹ ቋንቋ ሲጠራ ኖረ፤ ሥጋው ተሠርቶ ለጌታው ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ የጌታውን ስም ያዘ። ክፍፍሉ በአንድ ጀንበር አልጸናም፤ ለብዙ ዘመን «ቢፍ» በቁሙ ያለው በሬም ይጠራበት ነበር። የቃላቱ የትውልድ ሐረግ ግን አያከራክርም።

ነገሩ ከማዕድ አልፎ ችሎት ይደርሳል። ዳኛው «ጀጅ»፣ ፍርድ ቤቱ «ኮርት»፣ ወህኒው «ፕሪዝን»፣ ሁሉም በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው። እናት፣ እጅ፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ቤት የሚባሉባቸው ቃላት ግን የጥንቱ እንግሊዝኛ ናቸው። ድል አድራጊ አደባባዩን ይወርሳል፤ የእናት ጓዳ ግን በቀላሉ አይደፈርም። ከወረራው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1362፣ ባለጉዳይ የሚባለውን እንዲረዳ ሙግት በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ያ ሕግ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር።

ከኖርማኖቹ በፊትም ከስካንዲኔቪያ የመጡ ቫይኪንጎች አሻራቸውን ትተዋል። ዛሬ መስኮት የምንልበት «ዊንዶው» በእነሱ ቋንቋ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። ሰማይ የሚባልበት «ስካይ» ደግሞ በእነሱ አፍ ደመና ነበር።

ተማሪን የሚያስለቅሰው አጻጻፍም ታሪክ አለው። ዕዳ የሚባልበትን «ዴት» እንመልከት። ከፈረንሳይኛ ሲገባ «ቢ» የምትባለው ፊደል አልነበረችበትም። በኋላ ሊቃውንቱ የቃሉን የላቲን ሥር ለማሳየት ሲሉ ጨመሯት፤ አንደበት ግን አልተቀበላትም። ደሴት የሚባልበት «አይላንድ» ውስጥ ያለችው «ኤስ» ደግሞ በስሕተት የገባች ናት። ቃሉ የጥንቱ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ ከላቲን ዘር ከሆነው ከ«አይል» ጋር አዛምደውት ነው የጨመሯት። ቢላዋ የሚባልበት «ናይፍ» መነሻ ላይ ያለችው «ኬ» ግን በእርግጥ ትነበብ ነበር፤ ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ ቀረ።

ይህን ሁሉ የማነሣው አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። እኛ አገር ልጅ እንግሊዝኛ አልገባ ሲለው ራሱን ደካማ አድርጎ ይቆጥራል። ፊደል ሲስት ክፍል ውስጥ ይሣቅበታል። ያ የሳተው ፊደል ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ሊቃውንት ያለቦታው የከተቱት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የገነነውም ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ከወራሪውም ከነጋዴውም ከሊቁም እየወሰደ የራሱ ስላደረገ ነው። የእኛም አማርኛ እንዲሁ ነው፤ ጠረጴዛን ከግሪክ፣ መኪናን ከጣሊያን ወስዶ የቤት ልጅ አድርጓቸዋል።

እናንተ መምህራን፣ እናንተ ወላጆች፣ አደራ! ቃሉን ስታስጠኑ ታሪኩንም ንገሩ። «ቢፍ»ን ከነእረኛውና ከነጌታው የሰማ ልጅ ቃሉን አይረሳውም። ቋንቋውንም አይፈራውም።