ቅጠሉን አይቶ ዛፉን ማወቅ
(ከቦሌ እስከ የካ ተራራ)

“ዛፍ በፍሬው ይታወቃል” ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ፍሬ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ቅጠል ግን በአብዛኛው የደጋ ዛፍ ላይ ከበጋ እስከ ክረምት አለ። ስለዚህ ቅጠል የሚለይ ሰው ዛፉን በማንኛውም ወር ያውቀዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከቦሌ ተነስተን እስከ የካ ተራራ እንጓዝ። በመንገዳችን ላይም ቅጠል እንይ።

ቦሌ

ቦሌ ሜዳማ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። በከተማው መንገድ ዳር ያሉ ብዙ ዛፎች በሰው እጅ የተተከሉ ናቸው። አንዱ ጃካራንዳ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ግራር ይመስላል። ታዲያ በምን ይለያል? ጠጋ ብሎ ቅርንጫፉን ማየት ነው። ግራር እሾህ አለው። ጃካራንዳ እሾህ የለውም።

ጉርድ ሾላ

ከቦሌ በመገናኛ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ጉርድ ሾላ ይደርሳሉ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር በዚህ በኩል ያልፋል። ስሙን ልብ በሉ። “ጉርድ” ማለት የተቆረጠ ማለት ነው። ሰፈሩ በዛፍ ስም ይጠራል፤ በየቀኑ ስሙን ከሚጠሩት ሰዎች ግን የሾላን ቅጠል የሚለየው ስንቱ ይሆን?

የሾላ ቅጠል ሰፊ ነው። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል። ነገር ግን ወተት ያለው ሁሉ ሾላ አይደለም። ቁልቋልም ወተት አለው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ የማታውቁትን ቅጠል አሽትቱ እንጂ አትቅመሱ። ወተቱንም ዓይናችሁ አታስነኩ።

የካ ተራራ

ከጉርድ ሾላ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የየካ ተራራ ይታያል። በተራራው ላይ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ወደዚያ ሲወጡ ባሕር ዛፍ በብዛት ያገኛሉ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ባሕር ዛፍ አልነበረባትም። ሰው በዛ፤ ማገዶና የቤት እንጨት ጠፋ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጣ። የተፈጥሮ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህ የተነሳ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አዳናት።

ነጭ ባሕር ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። የለጋው ቅጠል ሰፊና አመድማ ነው፤ እንደ ጥንድ በሬ ሁለት ሁለት ሆኖ ይበቅላል። ያረጀው ግን ረጅም ነው፤ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ይንጠለጠላል። የማያውቅ ሰው ሁለት ዛፍ ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ስትለዩ ለጋውንም አሮጌውንም ቅጠል እዩ።

ወይራም ጀርባው ይታይ። የወይራ ቅጠል ጠባብ ነው። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ጀርባው ግን ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወርቃማ ያደላል። ፊቱን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።

ሁለቱ ጥዶች

ትልቁ ፈተና ጥድ ነው። የአበሻ ጥድ አለ፤ የፈረንጅ ጥድ አለ። የፈረንጁ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። “ሰ” እና “ሸ” በአንዲት ጭረት ብቻ እንደሚለያዩ ሁሉ እነዚህም ለዓይን በጣም ይቀራረባሉ። ሁለቱም በልጅነታቸው ቅጠላቸው ይዋጋል። ሲያድጉ ቅጠላቸው እንደ ቅርፊት ደቆ ከቅርንጫፉ ይለጠፋል።

በተራራው ላይ ቅጠል የሚለቅሙ አንዲት እናት አገኘሁ።

“እማማ፣ የአበሻውን ጥድ ከፈረንጁ በምን ይለዩታል?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እዚህ ላይ ቅጠሉ ያታልላል። መሬቱን እየው። ከሥሩ ጠንካራ፣ የተሰነጣጠቀ ፍሬ ካገኘህ የፈረንጅ ነው” አሉኝ።

ትክክል ናቸው። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ብይ ያህላል፤ እንጨት ነው፤ ሲደርስ ይሰነጠቃል። የአበሻ ጥድ ፍሬ አተር ያህላል፤ ለስላሳ ነው፤ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል። ደግሞም የአበሻ ጥድ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ፍሬ የለውም።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? የአበሻ ጥድ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እንጨቱ ግን ምስጥ አይደፍረውም። ለምሰሶና ለአጥር የሚመረጠው ለዚህ ነው። የፈረንጁ ቶሎ ያድጋል፤ ምስጥን ግን እንደ አበሻው አይችልም። ችግኞቻቸው ስለሚመሳሰሉ ሳይለይ የተከለ ሰው ለልጁ ምሰሶ ተከልኩ ብሎ ሌላ እንጨት ያወርሰዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕድሜ አይመለስም። ስለዚህ ችግኝ ከመውሰዳችሁ በፊት ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቁ።

ጥያቄዎች

1. የወይራ ቅጠል ፊቱና ጀርባው በምን ይለያያሉ?
2. የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ምን ይመስላል?
3. በአካባቢያችሁ ያለው ጥድ የትኛው ነው? ከሥሩ ያለውን ፍሬ አይታችሁ ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።