ምርጫው ከሶኬቱ ይነሣል፦ የኮምፒውተር ምስልና ድምፅ ዕቃ በደብረ ማርቆስና በባሕር ማዶ

በባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተር ሲያሟላ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን አስልቶ ወደ ስክሪኑ ከሚልከው ክፍል ነው። በሜሪላንድ ሮክቪል ወይም በቨርጂኒያ ፌርፋክስ በሚገኙት የማይክሮ ሴንተር መደብሮች መደርደሪያ ፊት የቆመ ገዥ መጀመሪያ የካርዱን ዓይነት ይወስናል፤ ከዚያ ካርዱን የሚችል ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል፤ ሞኒተሩን ያስከትላል፤ የድምፁን ዕቃ በተረፈው ገንዘብ ያሟላል። ከግድግዳው ሶኬት ስለሚመጣው ኤሌክትሪክ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ይህ ቅደም ተከተል ለሚኖርበት አገር ትክክል ነው፤ ያው ሰው በደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ለከፈተች እኅቱ ወይም ዩኒቨርሲቲ ለገባ የወንድሙ ልጅ ዕቃ ሲልክ በዚያው ሐሳብ ሲሄድ ግን ገንዘቡ ያለቦታው ይፈስሳል። በጎጃም ደጋ ምርጫው ከሶኬቱ ተነሥቶ፣ በስክሪኑና በድምፁ አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ካርዱ ጋ መድረስ ይኖርበታል።

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካና የካናዳ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ሞኒተርና የዘመኑ ፓወር ሰፕላይ በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ስለሚቀበሉ የሶኬት መለወጫ ይበቃቸዋል፤ ሁለት ዕቃዎች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ 115 ላይ እንደተደረገ መጥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ሁለተኛው ማጉያው በውስጡ የተገጠመለት ስፒከር ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ 120 ቮልት ብቻ የሚቀበሉ በመሆናቸው ቮልት የሚያወርድ ከባድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋቸዋል። ስፒከር በሻንጣ ተሸክሞ ከመሄድ ገንዘቡን ልኮ አዲስ አበባ ላይ ለ220 የተሠራውን ማስገዛት ይሻላል።

ከበለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተነሥቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርድ የ400 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ የመስመሩ ታላቅነት ግን በሰፈሩ የመጨረሻ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን ቤት አይረዳውም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባልና፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል፣ ስክሪኑም ይርገበገባል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ከሁሉ አደገኞቹ ናቸው፤ ቮልቱ ከፍና ዝቅ እያለ ሳይረጋ የተሰካውን ዕቃ ይመታዋል። በአካባቢው ብዙ ሰው የሚያውቀውና ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ፣ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፍቶ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ በሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሠራ ይመስላል። ስታቢላይዘር የወረደውን ቮልት ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ሲሆን ምንም ኃይል አያከማችም። ዩፒኤስ በውስጡ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል፤ ከዩፒኤሶችም ቮልት የሚያስተካክለው ዓይነት ለደብረ ማርቆስ ይመረጣል። እዚህ ላይ ገዥን የሚያሳስተው ቁጥር ቪኤ የሚባለው ነው። በካርቶኑ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ የሚሰጠው ትክክለኛ ኃይል ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው፤ በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪም ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 አምፒር ሰዓት ብቻ ስለሚይዝ፣ 200 ዋት የሚስብ ኮምፒውተርና ሞኒተር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቢያቆይ ነው። ያ ጊዜ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፤ ሠርግ ኤዲት አድርጎ ለመጨረስ አይበቃም። በአሜሪካ ጠረጴዛ ሥር ዩፒኤስ የሚያኖር ሰው ከመጠንቀቅ ብዛት እንደሆነ ይታሰባል፤ በደብረ ማርቆስ ግን ከዴስክቶፑ ዋጋ ጋር አብሮ መቆጠር ያለበት ዕቃ ነው፤ ያን ወጪ የማይችል ሰው የራሱ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ቢገዛ ይሻለዋል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የኮምፒውተር ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያመላልሰው አየር ስስ በመሆኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ በበጋ አቧራ የታፈነ ማራገቢያ ግን ቅዝቃዜውም አያድነውም። በብዙ የቻይና ሥራ ቻርጀሮች ላይ ደግሞ የተራራ ቅርጽ ያለው ትንሽ ምልክት 2000 ወይም 5000 ሜትር ከሚል ቁጥር ጋር ይታያል። ስስ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ በከፍታ ላይ በሽቦዎች መካከል ያለው ርቀት ሰፋ ማለት ይኖርበታል፤ ምልክቱም ዕቃው በደኅንነት የተመዘነው እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ ይናገራል። 2000 የሚለው ደብረ ማርቆስ ላይ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ምርጫ ሲኖር ግን 5000 የሚለውን መውሰድ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ስክሪኑ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የባሕር ማዶው ልምድ ስለ ፊደላችን የሚለው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው ከስክሪን የሚፈልገው ፍጥነትና ቀለም ሲሆን፣ በአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ወይም በቀን ሙሉ ማመልከቻ የሚጽፍ ጸሐፊ ከሁሉ በፊት ጥራት ያስፈልገዋል። ሰ ከሸ፣ ነ ከኘ፣ ተ ከቸ የሚለየው ከላይ በምትሰመር አንዲት አጭር መስመር ስለሆነ፣ ፊደሉ ሲያንስ መስመሯ ከፊደሉ አናት ጋር ትደበዝዛለች። ስክሪን ምስሉን የሚሠራው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው፤ የፊደሉን ጥራት የሚወስነውም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በአንድ ኢንች 92 ያህል ነጥብ ሲኖረው፣ ያው የነጥብ ብዛት በባለ 27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል። ትልቁን ስክሪን የላከ ዘመድ፣ ፊደል ለሚያነብ ሰው የባሰውን ላከ ማለት ነው። 27 ኢንች የሚፈልግ ሰው 2560 በ1440 ያለውን ቢይዝ ቁጥሩ ወደ 109 ከፍ ይላል።

በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ማርቆስ ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ሞኒተሮች በብዛት ይሸጣሉ፤ አብዛኛዎቹ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙት ቪጂኤ በሚባለው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ሰማያዊ ጫፍ ያለው ገመድ ነው። ቪጂኤ ምስሉን በቁጥር ሳይሆን በሚዋዥቅ የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለሚያስተላልፍ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ሌላ መሰኪያ ከሌለ በስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የሞላበት ነጭ ገጽ ከፍቶ በሞኒተሩ ጠርዝ ያለውን አውቶ የሚለውን ቁልፍ መጫን ምስሉን በነጥቦቹ ላይ ያስተካክለዋል፤ ብዙ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት በሚያየው ስክሪን ላይ ያለውን ይህን ቁልፍ አንድ ቀን እንኳ ሳይነካው ይኖራል። የዊንዶውስ ፊደሎችም እኩል አይነበቡም፤ ከቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ስስ ጭረት ስላለው በወረቀት ላይ ያምራል፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል የተጨመረበት ኤብሪማ ደግሞ በደካማ ስክሪን ላይ ጎልቶ ይታያል። በአንዱ ጽፎ በሌላው ማተም ይቻላል።

ለፎቶና ለቪዲዮ ቤት የሚያስፈልገው ሞኒተር አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይለወጥም። በባሕር ማዶ ባለሙያው በስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ቀለም የሚለካ መሣሪያ ይጠቀማል። በደብረ ማርቆስ ያ መሣሪያ ለሌለው ባለሙያ የጥር ሠርግ ራሱ መለኪያ ይሰጠዋል፤ ሙሽራዋ ለብሳው የተነሣችው ነጠላ በስክሪኑ ላይ ክሩ ለክሩ ካልታየና እንደ ወረቀት አንድ ወጥ ነጭ ከሆነ የሞኒተሩ ብርሃን በዝቷል፤ ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ ደግሞ የቀለሙ ሙቀት ወደ 6500 ኬልቪን፣ ይኸውም የቀትር ብርሃን ወደሚመስለው ነጭ መውረድ አለበት። ስክሪኑ ከበሩ ወይም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን መቀመጡም የግድ ነው፤ የደጋው ፀሐይ በተከፈተ በር ሲገባ ባለሙያው ሳያውቀው የስክሪኑን ብርሃን እየጨመረ ይሠራል፣ የሠራው ፎቶ ታትሞ ሲወጣም ይጠቁራል።

ስለ ድምፅ ሲነሣ፣ በባሕር ማዶ አፓርታማ የሚኖር ሰው የሚፈራው ከታች ያለውን ጎረቤት ስለሆነ ምርጫው ወደ ጆሮ ማዳመጫ ያዘነብላል። በደብረ ማርቆስ ጎረቤት ሙዚቃ ሲሰማ ብዙም አይቆጣም፤ የድምፁ ጠላት ግድግዳው ውስጥ ነው። በብዙ ቤት ከሶኬቱ ወደ ምድር የሚወርደው ሽቦ፣ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት፣ ፈጽሞ አልተዘረጋም። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የሞገድ ማጣሪያ ወደ ኬዙ የሚለቃት ጥቂት ኤሌክትሪክ መውረጃ ስታጣ በብረቱ ላይ ትቀራለች፤ ኬዙን በባዶ እጁ የነካ ሰው ጣቱን ስስ ንዝረት ይነዝረዋል፣ ያችው ኤሌክትሪክ በስፒከሩ ገመድ በኩል ስትሄድም «ዝዝ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ትሆናለች። ምንጩን ለማወቅ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ ብቻ ማጫወት በቂ ነው፤ ዝምታ ከወረደ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። መፍትሔው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ማስቀበር፣ ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን ከአንድ ዲቫይደር ማገናኘትና የሚቻል ከሆነ ሦስት ሽቦ ያለው የባለሙያ ኦዲዮ ገመድ መጠቀም ነው። አዲስ ስፒከር መግዛት ዝዝታውን ይበልጥ አጥርቶ ከማሰማት በቀር የሚፈይደው የለም።

የሚቀረጸው ነገርም የመሣሪያውን ምርጫ ይወስናል። በዐቢይ ጾም ሰሞን የሚቀረጸው በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ድምፁ እጅግ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ሲሆን፣ በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው በርኩማ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የታወቀውን ንዝረት ይሰጠዋል። የላፕቶፕ ትንንሽ ስፒከሮች ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እየተዉት ስለሚሄዱ የቆዳውን ንዝረት ያሰማሉ፣ የአውታሩን ክብደት ግን አያሰሙም፤ አቀናባሪውም የጎደለ መስሎት ወፍራሙን ድምፅ ይጨምራል፣ ሥራውም በመኪና ወይም በአዳራሽ ሲከፈት ይጮኻል። ለዚህ ከባሕር ማዶ ቢላክ የሚጠቅመው ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ነው፤ በሻንጣ ይገባል፣ ቮልትም አይመርጥም። በሚመረጥበት ጊዜ ኦም የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ማዳመጫው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ከ32 እስከ 80 ቢሆን ከላፕቶፕም በቂ ድምፅ ያገኛል፤ 250 ኦም ያለው ግን የራሱን ማጉያ ስለሚሻ ያለ ማጉያ ከተላከ ሹክሹክታ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት የክረምቱን ዝናብ ዝም የሚያሰኝ ማይክሮፎን እንደሌለም ማወቅ ደግ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቀረጻ የሚያቅድ ሰው ከዕቃው ይልቅ ስለ ክዳኑ ያስብ።

መጨረሻ ላይ ካርዱ ይመጣል። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ይበቃል፤ የተለየ ካርድ የሚያስፈልገው ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ለሥነ ሕንፃ ሥዕልና ለጌም ነው። በአገር ቤት በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላያቸው ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ሲሆን ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የላቸውም፤ ቀጭን ኬዝ ያላቸው ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ካልሆነ አይቀበሉም። 170 ዋት የሚስበውን አርቲኤክስ 3060 የተላከለት ሰው ካርዱን በመሳቢያ ከማስቀመጥ በቀር ምርጫ የለውም፤ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ የሚያገኝ፣ 75 ዋት የማይበልጥ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን ይሠራል። ላኪው ከመግዛቱ በፊት የኮምፒውተሩን ሞዴልና የተከፈተውን ኬዝ ፎቶ በቴሌግራም ቢያስመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ እንደወጡ ያስታውስ፤ ማራገቢያው ያረጀውን ካርድ ስሱ የደጋ አየር ፈጥኖ ይለየዋል።

ሙሉ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና ሲሄድ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ከባድ ካርድ ኬዙ ውስጥ እንደተሰካ ከተጓዘ መሰኪያውን ሊገነጥለው ስለሚችል ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ለብቻው ይሂድ። ቤት ደርሶ ሲገጠም የሞኒተሩ ገመድ ከካርዱ ላይ ይሰካል፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ካርዱ ኃይል እየበላ ምስሉን የሚያወጣው ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው ግራፊክስ ይሆናል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን አውቆ እንዲያዘው የሚያደርገው ፕሮግራም፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚሆንና የተቀባዩን የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚጨርስ፣ ላኪው አስቀድሞ አውርዶ በፍላሽ ከካርዱ ጋር ቢያስቀምጠው ይመረጣል።