የክረምት ዕረፍት በጣና ዳር

አንባቢ ሆይ፤ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም የዓመት ፈቃዱን ማስላት ይጀምራል። በአውሮፓ ይህ ወራት ሰው ሁሉ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጎርፍበት ነው። አገራችን ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ክረምታችንም የዝናብ እንጂ የፀሐይ አይደለም። ታዲያ ከወዳጆችህ ጋር በውሃ ዳር ሁለት ሦስት ቀን ለመደሰት ብትሻ ወዴት ትሄዳለህ? መልሱን ከጉንደ ወይን ተነሥቼ ልንገርህ።

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በሞጣ መካከል የምትገኝ፥ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ አገር ውሃ መጫወቻ ሆኖ አያውቅም። በክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገደኛን ያግዳል፤ ከብት ይወስዳል፤ ዓባይም በስተ ሰሜን በጥልቅ ገደል ውስጥ እያጓራ ያልፋል። በሞጣ በኩል በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ሰዎች ለብዙ ዓመት በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩበት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ዋና ሳይማር ቢቀር አያስደንቅም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛ የጥም ብቻ ሳይሆን የደስታም ነገር ነው።

በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም.፥ ፍልሰታ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሆነን ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። ገንዘቡን ከጥር ጀምረን ከደመወዛችን ጥቂት ጥቂት እያዋጣን አጠራቅመነው ነበር። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው ለጤፍ መሬቱን ያለሰልሳል፤ አዴትን ካለፍህ በኋላ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ጋቢህንም ከትከሻህ ታወርዳለህ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተንጣሎ ተኝቷል። ማዶውን ዓይን አያደርሰውም። ከመካከላችን አንዱ በዓባይ ገደል አፋፍ የተወለደ ነውና፥ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «እንግዲህ ያ የሚያጓራው ዓባይ ይኸ ነው?» አለ። እውነት ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል፤ ከዚያም ጎጃምን ዞሮ በእኛ አገር ሥር ያልፋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምተን አድገናል። ለካስ ማደሪያ አለው፤ ማደሪያውም ጣና ነው።

ይህ ወዳጃችን ወዲያው ሸሚዙን አውልቆ በደንገሉ መካከል ወደ ውሃው ሊገባ ቃጣ። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሆነችው ጓደኛችን ግን ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

«ተው ወንድሜ፤ ዋና አታውቅ፤ ደግሞም ብልሃርዝያ አለበት።»

«ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ እግሬን እንኳ ሳላርስ ልመለስ?» ብሎ ተቆጣ።

እርሷም በትዕግሥት አስረዳችው። የብልሃርዝያ ትል በዳርቻው ሣር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ሰውየው ሳያውቀው ቆይቶ አንጀቱንና ጉበቱን ይጎዳዋል። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን በሽታውን ፈልጎ መሄድ ሞኝነት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ወዳጃችን አኩርፎ ሸሚዙን ለበሰ።

በማግሥቱ ማልደን በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማያስገባ፥ ሁላችንም አብረን የምንገባበትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መረጥን። በቡናው ደን ውስጥ ተጉዘን የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ተመለከትን። ባለ ጀልባው ሽማግሌ ግን ቶሎ ቶሎ አጣደፉን። «ልጆቼ፥ ጧት ውሃው ተኝቷል፤ ከቀትር በኋላ ይነቃል» አሉን። እንዳሉትም በመመለሻችን ነፋስ ተነሣ፤ ቀጥሎም ዶፍ ወረደብን። ጣሪያው አላስጣለንም። እግሩን ሊያርስ ሲመኝ የነበረው ወዳጃችን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ራሰ፤ እርሱም መጀመሪያ ሳቀ፤ እኛም ተከተልነው። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዳር፥ በዋርካ ጥላ ሥር፥ ትኩስ የዓሣ ጥብስ በአዋዜ የበላነው እንዴት ጣፈጠን!

አንባቢ ሆይ፤ አንተም ለመሄድ ብታስብ የመንገዱን ሰላም አስቀድመህ ጠይቅ። በጀልባ ስትሄድ ጧቱን ምረጥ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያም ሳትለብስ አትሳፈር። ዋና መማር ከፈለግህ ንጹሕ የመዋኛ ገንዳ ፈልግ፤ በደንገሉ ውስጥ ግን አትግባ። ስለ ሐይቁም ራሱ አስብ፤ በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው ይህ ሐይቅ እምቦጭ በተባለ አረም ብዙ ተጎድቷል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እውነትም ነው። ስለዚህ አባቶቻችን መፍራትን አስተማሩን፤ በፍርሃታቸውም ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። የእኛ ትውልድ ፋንታ ግን በዚያ ላይ ዕውቀትን መጨመር ነው። ውሃን የሚያውቅ ሰው ከዳሩ ተቀምጦ ይደሰታል፤ መቼ እንደሚነሣም ያውቃል።